እንዴት አገኘሃት?

መኪና መግዛታችንን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋዋን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ታዲያ እንዴት አገኘሃት?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ መኪናዋ የባንክ ናት፣ እኛ ነጂዎቿ ነን። ለሁለተኛው ደግሞ አራት ወር ሙሉ «ጌታ ይመስገን፣ ጥሩ ናት» እያልኩ አልፌዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ጥሩ ናት። ሙሉው መልስ ግን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ የሚነገር ዓይነት አይደለም። ትንሽ ይረዝማል፣ ትንሽም ያሳፍራል። ስለዚህ ለእናንተ በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ነው።

የግዢውን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። ባለቤቴ ባንክ ነው የምትሠራው። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የመኪና ብድር እንደሚሰጡ ታውቃላችሁ፤ ተራዋ ደረሰና ወሰደች። በእኔ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ገና ለጎማዎቹ እየቆጠብን እንሆን ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ዛሬ አዲስ መኪና ልግዛ የሚል ሰው ዓይኑን የሚጥለው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። አሮጌ ቪትዝም አስበን ነበር። የአሮጌ ቪትዝን ዋጋ ጠይቃችሁ የምታውቁ ግን ለምን እንደተውነው ይገባችኋል። የገዛናት ቻይና ሠራሽ፣ ትንሽዬ፣ ነጭ፣ አራት ሰው ብቻ የምትይዝ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ። አራት ሰው ብቻ የሚለውን ግን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያው እሑድ ሽማግሌዎች ግቢ ውስጥ ከበቧትና እጃቸውን ኮፈኗ ላይ ጭነው ጸለዩ። ለመንገዱ ጸለዩ፣ ለነጂው ጸለዩ፣ ለምትጭናቸው ሰዎች ሁሉ ጸለዩ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ «አሜን» እል ነበር። ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን ግራና ቀኝ አየሁና ኮፈኑ ላይ የቀረውን የጣቶቻቸውን አሻራ በመሃረቤ ጠረግኩት። ማንም አላየኝም። ይኸው አሁን ለእናንተ ነገርኳችሁ።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ እስከዚህ ዓመት ድረስ ግን ቦርሳዬ ውስጥ እንደ ፎቶ ነበር የሚኖረው። የተማርኩት በማርሽ መኪና ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ማርሽ ማስገባት፣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ላብ በላብ መሆን፣ ለእኔ መንዳት ማለት ይኸ ነበር። ይህችኛዋ ፍሪሲዮን የላት፣ የሚቀያየር ማርሽ የላት፣ ስትነሣም የሚሰማ ነገር የላት። የመጀመሪያው ቀን ቁልፏን ተጫንኩና ባለቤቴን «ተነሥታለች ወይስ አልተነሣችም?» ብዬ ጠየቅኳት። እሷም አላወቀችም። ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ነካሁት። (ነዳጅ በሌላት መኪና ላይ «ነዳጅ መስጫ» ምን ሊባል እንደሚገባ ቤታችን ውስጥ እስካሁን አልተስማማንም።) ከግቢው በር ወጥተን ተገኘን።

ሌላው የገረመኝ እግሬን ሳነሣ ራሷ መዘግየቷ ነው። ፍሬን ሳልነካ አንድ ሰው ከኋላ የያዛት ያህል ትረጋለች። ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ሥራውን ገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል፤ ጎማዎቹ እሱን እያዞሩ ኃይል ያመነጫሉ፣ ኃይሉም ተመልሶ ባትሪው ውስጥ ይገባል። አንድ ቅዳሜ ሦስት ወጣቶች ይዤ እንጦጦ ወጥቼ ስመለስ፣ ታች ስንደርስ ባትሪው ላይ ካለው የሁለት በመቶ ጭማሪ አሳየ። መኪናዋ ውስጥ ጩኸት ሆነ። አንደኛው፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ሁልጊዜ ቁልቁለት ቁልቁለቱን ብቻ ብንሄድስ?» አለኝ። ፊዚክስ የሚያስተምረው ሰው ይህን እንዳይሰማ።

ባትሪው ወደ 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ወረቀቱ ላይ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች ይላል፤ ወረቀቱን የጻፈው ሰው የአዲስ አበባን ዳገት አላየም። ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት ስሰካት ሌሊቱን ሙሉ ስትጠጣ ታድራለች፣ ከአሥር ሰዓት በላይ ትፈልጋለች። የተከራየነው ከአከራያችን ጋር አንድ ግቢ ነው፤ ቆጣሪውም አንድ ነው። እማማ የመጀመሪያውን ሌሊት ገመዱን በረንዳው ላይ ተዘርግቶ አይተው፣ «እንደ ላም አስረሃት ልታድር ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሳቅን፤ ግን ጥያቄያቸው ስለ ላም እንዳልነበረ ገባኝና በሳምንቱ ለብቻዋ ቆጣሪ አስገጠምንላት። መብራት የሄደ ሌሊት ደግሞ ጠዋት ተነሥቼ የባትሪውን ቁጥር ሳይ፣ የባንክ ደብተሬን እንኳ እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ቁጥሩ ዓይን ይስባል። እየነዳሁ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አየዋለሁ። ይህንንም ያዙልኝ።

ከሁሉ በፊት የወደድኩት ግን ጸጥታዋን ነው። መገናኛን ወይም ሜክሲኮን በጠዋት የምታውቁ ሰዎች ትረዱኛላችሁ። መስኮቶቹን ስዘጋ የረዳቶቹ ጥሪ፣ የባጃጁ ጩኸት፣ የሱቁ ስፒከር፣ ሁሉም ከውኃ በታች እንዳለ ሰው ድምፅ ይርቃል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ውስጧ ሆኜ እጸልይ ነበር። ለባለቤቴ «የጸሎት ክፍል ነው የገዛነው» ብያታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይረብሸኝ ነበር። በቀስታ ስትሄድ፣ ፍጥነቷ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን፣ ከፊቷ ቀጭን የ«ዝዝዝ» ድምፅ ታወጣለች። መጀመሪያ የተበላሸች መስሎኝ ደንግጬ ነበር። መመሪያውን ሳገላብጥ ግን ሆን ተብሎ የተገጠመ ድምፅ ማጉያ መሆኑን አነበብኩ፤ እግረኛ መምጣቷን እንዲሰማ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የሚያወጣው ድምፅ ስለሚበቃ ከዚያ በላይ ዝም ይላል። የእኔዋ ላይ ማጥፊያ ነበረው። አጠፋሁት። በማግስቱ መኪናዋን ሳስነሣት ራሱ በርቶ ጠበቀኝ፤ እንደገና አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ቀበቶዬን አስሬ፣ ድምፁን አጥፍቼ ነበር የምወጣው።

አሁን ወደሚያሳፍረው እየቀረብን ነው።

ሠላሳ ምናምን ዓመት እግረኛ ነበርኩ። ዜብራ ላይ ቆሜ የማያቆምልኝን ነጂ «ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው?» ስል ኖሬአለሁ። በክረምት የጎርፍ ውኃ ረጭቶብኝ በሄደ መኪና ምክንያት፣ በጭቃ ሱሪ ስለ ይቅርታ አስተምሬ አውቃለሁ። መኪና በያዝኩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ልጅ አዝላ ዜብራ ጀመረች፤ ሳላስበው ከአፌ የወጣው፣ «እነዚህ ሰዎች ግን አያዩም እንዴ?» የሚል ነበር። አቆምኩላት፣ አለፈች። ቃሉ ግን መኪናው ውስጥ ቀረ። «እነዚህ ሰዎች» አልኩ እኮ። ከሁለት ሳምንት በፊት «እኛ» ነበርን። እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዓመታት የሚፈጅ ይመስለኝ ነበር።

ወደ አራቱ ወንበሮች ልመለስ። ቅዳሜ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን እስከ ታክሲ መያዣው ሃያ ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ስምንትም ዘጠኝም ሆነን ነበር የምንሄደው። ክፍል ውስጥ በሦስት ዓመት ያልሰማሁትን የሰማሁት እዚያ መንገድ ላይ ነው። አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ለእናቱ እንዴት እንደሚነግራቸው የጠየቀኝ እዚያ ነው። ሌላኛው፣ ሁልጊዜ ፊት ቆሞ የሚዘምር ልጅ፣ የሚዘምረውን ማመኑን እርግጠኛ እንዳልሆነ የነገረኝ የጫማውን ክር እያሰረ ነው፤ ቀና ብሎም አላየኝም። እንዲህ ያለው ነገር ፊት ለፊት ተቀምጦ አይወራም። ጎን ለጎን ሲኬድ፣ ሌላው ሁለት እርምጃ ቀድሞ ሲሄድ ነው የሚወጣው።

መኪናዋ ስትመጣ ሦስት ሰው መጫን ቻልኩ። መጀመሪያ ዕጣ ያወጡ ነበር፣ እየተሳሳቁ። ቀጥሎ «የእኔ ሰፈር መንገዱ ላይ ነው» የሚሉት ቋሚ ሆኑ። የቀሩት «ቻው ቲቸር» ብለው እጃቸውን እያወዛወዙ በስፖኪዮ ውስጥ እያነሱ ይሄዳሉ። መኪና ውስጥ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ዘፈን አልልም፣ መዝሙር ይመርጣሉ፣ ስክሪኑን ይነካካሉ፤ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ደርሰናል። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ለጸሎት ልቀመጥ ስል ስለማናቸውም የማውቀው አዲስ ነገር እንደሌለ ገባኝ። ያ ዘማሪ ልጅ የት እንደደረሰ አላውቅም ነበር። ሰፈሩ መንገዴ ላይ አይደለም።

በዚያው ሰሞን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ የማስተምርበት ተራ ደረሰኝ። ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ መሰላችሁ፤ ሁልጊዜም የማወራው ስለ ፊልጶስ መታዘዝ ነበር። ዘንድሮ ባለ ሠረገላው ላይ ዓይኔ ቀረ። ፊልጶስ እየሮጠ ቀርቦ ሰውየው ሲያነብ ይሰማዋል። ሠረገላው ክፍት ነበራ! ባለ ሥልጣን ነው፣ የንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፣ ግን ከመንገድ የመጣ ሰው ድምፁን ይሰማል፣ እሱም የመንገደኛውን ይሰማል፣ ከዚያ «ውጣና ከእኔ ጋር ተቀመጥ» ይለዋል። በእኔዋ ቢሆን ፊልጶስ እስከ ጋዛ ድረስ ቢሮጥ የሚሰማው ነገር የለም፤ እኔም ራሴ አየር ማቀዝቀዣውን አብርቼ ስለ መንገደኞች ስጸልይ አልፈው ነበር። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወጥቼ መኪናዬን አስነሥቼ ድምፁን አጥፍቼ ሄድኩ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ የምንላቸው አባት አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያይም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ሲያገናኙ ነው የኖሩት፤ አንድ ጊዜ የሰሙትን ድምፅ አይረሱም። ድምፅ ብቻም አይደለም፣ እርምጃ ያውቃሉ። ከአዳራሹ ደረጃ ስወርድ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ማን አናደደህ?» ይሉኝ ነበር። ስናደድ ግራ እግሬን እንደምጎትት ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከጸሎት በኋላ ክንዴን ይዘው እስከ ታክሲው አብረን እንሄዳለን። መራኋቸው አልልም፤ «እዚህ ጋ ክዳኑ የተነሣ ጉድጓድ አለ» የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ።

መኪናዋ የመጣች ጊዜ ሁለት ረቡዕ እስከ ቤታቸው አደረስኳቸው። ወንበሩን ዳሰሱ፣ በሩን ከፍተው ዘጉት፣ «እንደ አዲስ ጫማ ትሸታለች» አሉ። በሦስተኛው ረቡዕ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። በአራተኛው ባትሪው አልነበረም። በአምስተኛው እሳቸው ራሳቸው፣ «አንተ ሂድ ልጄ፣ ልጆቹ ያደርሱኛል» አሉኝ። እኔም ሄድኩ።

ሰኔ ውስጥ ነው፤ ረቡዕ ማታ። መብራት ጠፍቶ ግቢው ጨልሟል። ጸሎቱ እንዳለቀ ቶሎ ወጥቼ መኪናዋን አስነሣሁና በአዳራሹና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ወደ በሩ መንዳት ጀመርኩ። ስክሪኑን አየሁት፤ 11 በመቶ። ሰፈራችንም መብራት ጠፍቶ ይሆን እያልኩ አንድ ጊዜ ደግሜ አየሁት። ቀና ስል በመብራቴ ውስጥ ነጭ በትር አየሁ።

ፍሬኑን ረገጥኩት። አንድ ክንድ ቢቀር ነው።

ጋሼ አልሰሙም። የሚሰማ ነገር አልነበረማ። መብራቱ ለእሳቸው ምንም አይደለም። በዚያው በረጋ እርምጃቸው መጡ፣ በትራቸው የመኪናዋን አፍንጫ «ቷ» አደረገው፣ ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው ኮፈኑን ዳሰሱት። ከዚያ በቅሬታ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ማነው ደግሞ መንገድ ላይ ያቆመው?» አሉ። የቆመ መኪና መስሏቸዋል። በእጃቸው ጎኗን እየተከተሉ ዞሩ። ስፖኪዮውን ነኩት። በእኔ በኩል ያለውን መስታወት ዳስሰው አለፉ፤ ጣቶቻቸው ከፊቴ አንድ ስንዝር ርቀው በመስታወቱ ላይ ሲሄዱ አየሁ።

እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ አልተናገርኩም። እጄ መሪው ላይ፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በትራቸው እየራቀ «ቷ፣ ቷ» ሲል እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ። ለምን እንዳልተናገርኩ ከጠየቃችሁኝ፣ ድንጋጤ ነው ማለት እችላለሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰኮንዶች ድንጋጤ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ሌላ ናቸው። አላወቁም፣ ማንም አላየም፣ አልፏል፣ ብዬ አስቤአለሁ። በቃል አስቤዋለሁ።

ያን ሌሊት ለባለቤቴ ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። «ለእሳቸውስ?» ብቻ አለች። መብራቱም አልመጣም ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ መኪናዋን ቤት ትቼ ሄድኩ። ከጸሎት በኋላ ጋሼ እርምጃዬን ሰምተው ገና ከሩቅ ፊታቸው በራ፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አከበደብኝ። ክንዴን ያዙ። ከግቢው በር ስንወጣ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ባለፈው ረቡዕ መተላለፊያው ላይ ያገኙት መኪና የቆመ አልነበረም።»

«ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር እኮ» አሉ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በነዳጅ የሚሄድ መኪና ሲሠራ ኮፈኑ ይሞቃል፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆመውን ከሚሄደው የሚለዩት በጆሮና በመዳፍ ነው። የእኔዋ ሁለቱንም አታልላቸዋለች።

«የኤሌክትሪክ ናት፣ እንደዚያ አትሞቅም። እኔ ነበርኩ የምነዳው።»

ትንሽ ሄድን። «ስንት ቀርቷት ነበር?»

«አንድ ክንድ።»

«ያን ጊዜ ምን ነበር ያልኩት?»

«‹ማነው ደግሞ መንገድ ላይ ያቆመው› አሉ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም።»

ክንዴን ለቀቁት። በትራቸውን ዘርግተው ለብቻቸው ቀደሙኝ፤ እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላ ተከተልኩ። የተነሣውን የጉድጓድ ክዳን ሲያልፉ አልነገሩኝም። ታክሲ መያዣው ሊደርስ ሲል ሳይዞሩ፣ «ግራ እግርህን እየጎተትክ ነው» አሉ። ከዚያም፣ «በመኪና መቅረብህ አይደለም። ሰው ይስታል። በመስኮትህ ሥር ሳልፍ ግን...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ታክሲ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ለመሆኑ ጨርሶ ድምፅ የላትም?» ያሉኝ።

«አላት። አጥፍቼው ነው።»

«ለምን?»

«ይረብሸኛል ጋሼ።»

ረዳቱ «እንሂድ» ብሎ በሩን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ድምፅ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። መኪና ሠሪዎች በገዛ ፈቃዳቸው ያመጡት ቅንጦት አይደለም። በአሜሪካ ጸጥተኛ መኪኖች መንገድ ላይ ሲበዙ አደጋውን ቀድመው የጮኹት የዓይነ ስውራን ማኅበራት ናቸው፤ ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱ መኪኖቹ ድምፅ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በአውሮፓም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚወጡ የኤሌክትሪክ መኪና ዓይነቶች ድምፁ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። እኔ በየጠዋቱ በአንድ ጣት የማጠፋውን ድምፅ ለማግኘት ሰዎች ያን ያህል ደክመውበታል ማለት ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጋሼ ራሳቸው በወጣቶች ፕሮግራም መጨረሻ ላይ መጡ። «አምጣትና አሰማኝ» አሉ። ድምፁን አበራሁት። ግቢው መሃል ቆሙ፣ በትራቸውን መሬት ላይ አቁመው። እኔ ከአዳራሹ በኩል በቀስታ መጥቼ በአጠገባቸው እንዳልፍ፣ እሳቸው ሲሰሙ በትራቸውን እንዲያነሡ ተስማማን። ወጣቶቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው ያያሉ። በመጀመሪያው፣ መኪናዋ አጠገባቸው እስክትደርስ አልሰሙም፤ ልጆቹ እየተጫወቱ ነበርና። ያ ዘማሪ ልጅ «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸባቸው። በሁለተኛው አምስት እርምጃ ሲቀረኝ አነሡ። ከዚያ አስቸጋሪ አደረጉት፤ ከኋላ ና፣ በአጥሩ በኩል ና፣ ቁምና እንደገና ጀምር። ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። በሰባተኛው ገና ከአዳራሹ ጥግ ሳልወጣ በትራቸው ከፍ ብሎ አየሁት።

«ንብ ትመስላለች» አሉ ስወርድ። «ቀፎ ያጣች ንብ።»

ሁልጊዜ በእግሬ እሄዳለሁ ብላችሁ ግን ውሸት ይሆንብኛል። አንዳንድ ቅዳሜ መኪናዋን ግቢ አቁሜ ከልጆቹ ጋር እሄድና ተመልሼ እወስዳታለሁ፤ አንዳንዱን ደግሞ ደክሞኝ ወይም ሰው ጠብቆኝ ሦስቱን ጭኜ እወጣለሁ። የባንኩ ብድር ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ድምፁም አሁን ድረስ ይረብሸኛል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቴ ሳላዝዘው ወደዚያች ማጥፊያ ይሄዳል።

የዚያን ቅዳሜ ከሰባተኛው ዙር በኋላ ዝናብ ጀመረ፣ የሐምሌ ዝናብ፣ ሁሉም ወደ አዳራሹ ሮጠ። ጋሼን ከፊት፣ ሁለት ልጆችን ከኋላ አስገብቼ ተነሣሁ። አንደኛው ዘማሪው ነው፤ ሰፈሩ መንገዴ ላይ አልነበረም። ከግቢው በር ስንወጣ ጋሼ በእጃቸው በሩን መዳሰስ ጀመሩ።

«ምን ፈልገው ነው ጋሼ?»

«መስኮቱን ክፈተው።»

«ኧረ እየዘነበ ነው።»

«ቢዘንብም።»

ከፈትኩት። ዝናቡ በእጅጌያቸው ላይ ገባ፣ የረዳቶቹ ጥሪም ገባ፤ መኪናዋም በጭቃው ላይ እያዘገመች «ዝዝዝ» ትላለች።